የዱር ቡና ህልውና፦ ስጋቶቹ፣ የሕግ ጥበቃውና የዜጎች ድርሻ

በአዲስ አበባ ከተማ ልደታ ክፍለ ከተማ የሥራ ቀን ከቡና ጋር አብሮ ይጀምራል። በልደታ ምድብ ችሎት ቀጠሮ ያላቸው ባለጉዳዮች፣ በቀላል ባቡር የሚመላለሱ ሠራተኞች፣ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ሕሙማንን የሚያስታምሙ ቤተሰቦች ወደየጉዳያቸው ከመግባታቸው በፊት በኮንዶሚኒየሞች ሥርና በመንገድ ዳር ወዳሉት የጀበና ቡና መሸጫዎች ጎራ ይላሉ። ረከቦት ላይ የተደረደረው ሲኒና የሚቆላው ቡና መዓዛ ከነዋሪው ሕይወት ጋር የተዋሐደ በመሆኑ፣ ቡና አንድ ቀን ሊጠፋ የሚችል ተክል ነው ብሎ የሚያስብ ሰው ጥቂት ነው።

ይሁን እንጂ በዚያ ሲኒ የሚቀዳው ቡና አረቢካ የተባለው ዝርያ፣ እ.ኤ.አ. በ2018 በተደረገለት ግምገማ መሠረት በዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት ቀይ መዝገብ ውስጥ ለመጥፋት አደጋ ከተጋለጡት ዕፅዋት ተርታ ተመድቧል። በዓለም ገበያ ከሚቀርበው ቡና ከግማሽ በላይ የሚሆነው አረቢካ ነው። በኢትዮጵያ ከሚመረተው ቡና ግማሽ የሚጠጋው እዚሁ አገር ውስጥ ይጠጣል፤ ወደ ውጭ የሚላከው ደግሞ በ2017 በጀት ዓመት ከ2 ነጥብ 5 ቢሊዮን ዶላር በላይ አስገኝቷል። በዚህ መጠን የሚመረት ተክል እንዴት ለመጥፋት የተጋለጠ ሊባል ቻለ የሚለው ጥያቄ ተገቢ ነው። መልሱ የሚገኘው በእርሻ ላይ ባለው ቡናና በዱር በሚበቅለው ቡና መካከል ያለውን ልዩነት በመረዳት ነው።

የዱር ቡና ሲባል ማንም ሳይተክለው፣ ወፍና ዝንጀሮ በበተኑት ፍሬ በደን ጥላ ሥር በራሱ ጊዜ በቅሎ የሚያድገው ቡና ማለት ነው። መኖሪያውም በአመዛኙ በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ በካፋ፣ በሸካ፣ በቤንች፣ በጅማና በኢሉባቦር አካባቢዎች፣ እንዲሁም በባሌ ሐረና ደን ነው። ከኢትዮጵያ ውጭ በደቡብ ሱዳን የቦማ አምባ ጥቂት የዱር ቡና ይገኛል። ቀይ መዝገቡ የሚመለከተው ይህንን በዱር ያለውን ተክል ነው፤ የእርሻ ቡና ብዛት በመዝገቡ ምደባ ውስጥ አይቆጠርም።

በጓሮ መብዛት በዱር መኖርን አይተካም

አንድ ተክል በሰው እጅ በዝቶ ሳለ በዱር ሊጠፋ እንደሚችል የሚያሳዩ ምሳሌዎች በአህጉራችን አሉ። ሳይካድ የሚባሉት፣ መልካቸው ከዘንባባ የሚመሳሰል፣ ከዳይኖሰሮች ዘመን ጀምሮ የኖሩ ጥንታዊ ዕፅዋት ከዓለም ዕፅዋት ሁሉ ለጥፋት እጅግ የተጋለጡት ወገኖች ናቸው፤ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ዝርያዎቻቸው በቀይ መዝገብ በስጋት ላይ ያሉ ተብለው ተመዝግበዋል። ከእነዚህ አንዱ ኢንሴፋላርቶስ ዉዲ ነው። ይህ ተክል እ.ኤ.አ. በ1895 በደቡብ አፍሪካ በንጎዬ ደን ሲገኝ በዱር የነበረው አንድ ችፍግ ብቻ ነበር። ለጥበቃ በሚል ግንዶቹ በየጊዜው እየተነሡ ወደ ዕፅዋት ማቆያዎች ተወሰዱ፤ የመጨረሻውም ግንድ እ.ኤ.አ. በ1916 ተነሣ። ዛሬ የዚህ ተክል ብዙ ቅጂዎች በልዩ ልዩ አገሮች የአትክልት ሥፍራዎች ይታያሉ። ሁሉም ግን ከዚያው ከአንዱ ተክል የተባዙ ወንዶች ናቸው። ሴት ተክል እስካሁን ባለመገኘቱ ዝርያው የራሱን ዘር ሊያፈራ አልቻለም።

ቡና በእርግጥ እንደ ሳይካዱ አልተሟጠጠም፤ አበባውም በራሱ ብናኝ ፍሬ መያዝ ስለሚችል ወንድና ሴት ፍለጋ አያስፈልገውም። የሁለቱ ታሪክ የሚገናኘው በሌላ ነጥብ ነው። ከኢትዮጵያ ውጭ ያለው የአረቢካ እርሻ በአብዛኛው የተገነባው በየመን በኩል ከወጡ ጥቂት ዘሮች ነው። በ18ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ወደ አውሮፓ የዕፅዋት ማቆያዎች የደረሱ እጅግ ጥቂት ተክሎች የላቲን አሜሪካ እርሻዎች ቅድመ አያቶች ሆኑ። በመሆኑም በሚሊዮን ሄክታር መሬት ላይ የተንሰራፋው ቡና እርስ በርሱ የቅርብ ዘመድ ነው፤ አንዱን የሚጥለው በሽታ ሌላውንም ሊጥል ይችላል። የቅጠል ዋግ እ.ኤ.አ. በ1869 በሴሎን፣ በአሁኗ ስሪ ላንካ፣ ሲከሠት የደሴቲቱ የቡና ኢኮኖሚ ፈርሶ አርሶ አደሮቿ ወደ ሻይ የዞሩት በዚህ ጠባብ መሠረት ምክንያት ጭምር ነበር። ለእንዲህ ያለው አደጋ መልስ የሚሆን የተፈጥሮ ልዩነት በብዛት የሚገኘው በኢትዮጵያ ደኖች ነው።

ጫካው የሰጣቸው ሁለት መልሶች

የዱር ቡና ጥቅም በመላምት ላይ የቆመ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1971 የቡና ፍሬ በሽታ፣ በባለሙያዎች አጠራር ሲቢዲ፣ በኢትዮጵያ መኖሩ ተረጋገጠ። በሽታው አረንጓዴውን ፍሬ አጥቁሮ የሚያረግፍ ፈንገስ ሲሆን፣ በአጭር ጊዜ ውስጥ በዋና ዋና የቡና አካባቢዎች ተሠራጨ። ኬሚካል መርጨት ለአነስተኛ አርሶ አደር የማይቻል ወጪ ነበር። የጅማ የምርምር ማዕከል ባለሙያዎች መፍትሔውን የፈለጉት በራሱ በቡናው ዘንድ ነው፤ በሽታው በበረታበት አካባቢ ሳይነኩ የቀሩትን ዛፎች እየለዩ፣ ዘራቸውን እየሰበሰቡ ፈተኑ። ዛሬም በብዙ አርሶ አደሮች ማሳ የሚገኙት 74110 እና 74112 የተባሉት ዝርያዎች የተገኙት በዚህ ጥረት ነው። ስማቸው የሚጀምርባቸው ሁለት አኃዞች የተመረጡበትን ዓመት፣ እ.ኤ.አ. 1974ን፣ ያመለክታሉ። የእናት ዛፎቻቸው መገኛም በኢሉባቦር መቱ አካባቢ ነው። ያ ደን ቀድሞ ተመንጥሮ ቢሆን ኖሮ፣ በሽታው ሲመጣ የሚመረጥ ዛፍ ባልተገኘ ነበር።

ሁለተኛው ምሳሌ ሌላ ትምህርት አለው። እ.ኤ.አ. በ2004 የብራዚል ተመራማሪዎች በተፈጥሮው ካፌይን የሌለው ለማለት በሚቻል ደረጃ ዝቅተኛ ካፌይን የያዘ አረቢካ ማግኘታቸውን ይፋ አደረጉ። ተክሎቹ የተገኙት እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ከኢትዮጵያ ተሰብስበው በውጭ አገር ከተጠበቁ ናሙናዎች መካከል ነበር። ዘሩ የወጣው የአገሮችን በጄኔቲክ ሀብታቸው ላይ ያላቸውን መብት የሚደነግግ ዓለም አቀፍ ስምምነት ባልነበረበት ጊዜ ስለሆነ፣ ከግኝቱ የሚገኝ ጥቅም የምንጩን አገርና ማኅበረሰብ እንዴት ሊደርስ ይችላል የሚለው ጥያቄ አከራካሪ ሆኖ ነበር። የመጀመሪያው ምሳሌ ደኑን የመጠበቅን፣ ሁለተኛው ደግሞ ከደኑ የሚወጣውን ዘር በሥርዓት የማስተዳደርን አስፈላጊነት ያሳያል።

አራቱ ስጋቶች

የመጀመሪያው ስጋት የአየር ንብረት ለውጥ ነው። የዱር ቡና ጠባዩ ለስላሳ ነው፤ በአብዛኛው ከባሕር ወለል በላይ ከ1 ሺህ እስከ 2 ሺህ ሜትር ባለ ከፍታ፣ በጥላ ሥር፣ መጠነኛ ሙቀትና በቂ ዝናብ ባለበት ሥፍራ ይኖራል። የኢትዮጵያና የብሪታንያ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2012 ባወጡት ጥናት፣ እ.ኤ.አ. እስከ 2080 ድረስ ለዱር አረቢካ ተስማሚ ከሆኑት ሥፍራዎች ቢያንስ 65 በመቶ የሚሆኑት ተስማሚነታቸውን ሊያጡ እንደሚችሉ አመልክተዋል። እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ በኢትዮጵያ አሁን ቡና ከሚለማበት መሬት ከ39 እስከ 59 በመቶው ለቡና የማይመች ሊሆን እንደሚችል ገምቷል። ቀይ መዝገቡ ቡናን ወደ አደጋ ምድብ ያስገባውም ይኸው የአየር ንብረት ጉዳይ ነው፤ ይህ ሳይታሰብ ቢቀር ኖሮ ዝርያው አሳሳቢ ባልሆነው ደረጃ ይመደብ እንደነበር አጥኚዎቹ ገልጸዋል።

የ2017ቱ ጥናት ተስፋ ሰጪ ጎንም አለው። ቡና ወደ ከፍተኛ ቦታዎች ቢዛወርና ደን ቢጠበቅ፣ ለቡና የሚመቸው መሬት አሁን ካለው እስከ አራት እጥፍ ሊሰፋ ይችላል። ሆኖም ይህ ተስፋ በቀጥታ የሚጠቅመው የእርሻ ቡናን ነው። አርሶ አደር ችግኙን ተሸክሞ ወደ ደጋ ሊወጣ ይችላል። የዱር ቡና ግን ወደ ላይ የሚሻገረው በትውልዶች ርዝመት፣ ያልተቋረጠ ደን ካገኘ ብቻ ነው። ከጫካው በላይ ያለው ደጋ ደግሞ በአብዛኛው ከታረሰና ከተሰፈረ ቆይቷል።

ሁለተኛው ስጋት የደን ምንጣሮ ነው። ሰፈራ፣ የእህል እርሻ መስፋፋት፣ የባሕር ዛፍና የጫት ተክል፣ ሰፋፊ የግል እርሻዎች፣ የማገዶና የጣውላ ፍላጎት በደቡብ ምዕራብ ያለውን ደን ለብዙ ዐሥርት ዓመታት እየቆራረጡት መጥተዋል። በተቆራረጠ ደን ውስጥ የቀረ ቡና ጥቂት ሆኖ ይገለላል፤ ዘሩም ከሌላ ወገን ጋር የመገናኘት ዕድሉ ይጠባል።

ሦስተኛው ስጋት ከውጭ ሲታይ ልማት የሚመስል ነው። አርሶ አደሩ የጫካ ቡናውን ምርት ለመጨመር በየዓመቱ ሥሩን ይመነጥራል፣ ጥላውን ያሳሳል። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ምርቱ በእርግጥ ይጨምራል፤ ጫካውም ከሩቅ አረንጓዴ ሆኖ ይታያል። ነገር ግን ከቡናው ጋር የሚበቅሉት የቀረሮ፣ የጥቁር እንጨት፣ የዋንዛና የሰሳ ቡቃያዎች አብረው ይመነጠራሉ። ነባሮቹ ዛፎች አርጅተው ሲወድቁ የሚተካቸው አይኖርም። በዚህ መንገድ አንድ ደን ምሳር ሳይሰማበት በአንድ የሰው ዕድሜ ውስጥ ወደ ቡና እርሻነት ይለወጣል። ከዛፎቹ ጋር የጫካው ማር፣ ኮረሪማውና ጥምዙም ይሄዳሉ።

አራተኛው ስጋት የዘር መቀላቀል ነው። የተመረጡ ዝርያዎች ለአርሶ አደሩ ገቢ እጅግ ጠቃሚ ናቸው፤ በጓሮና በእርሻ መሬት መተከላቸውም ይደገፋል። እነዚሁ ችግኞች በደኑ ውስጥና በደኑ ጠርዝ ሲተከሉ ግን ንቦች ብናኙን ወደ ዱር ቡናው ያደርሳሉ። ከትውልድ ትውልድ የዱሩ ቡና የራሱን መለያ እያጣ የእርሻውን መልክ ይይዛል። ከተቆረጠ ዛፍ በተለየ፣ ይህ ጉዳት በዓይን አይታይም፤ ከደረሰ በኋላም መመለሻ የለውም።

እነዚህን ስጋቶች የሚያከብድ አንድ የተፈጥሮ ጠባይም አለ። የስንዴ፣ የገብስ ወይም የጤፍ ዘር ደርቆ በቅዝቃዜ ለረጅም ዘመን ሊቀመጥ ይችላል። የቡና ዘር ግን በዚህ መንገድ ሲቀመጥ የመብቀል ኃይሉን በፍጥነት ያጣል። በመሆኑም ቡናን በመጋዘን ማከማቸት አስተማማኝ አይደለም፤ ዛፉን ራሱን በሕይወት ማኖር ያስፈልጋል። የኢትዮጵያ ብዝኃ ሕይወት ኢንስቲትዩት በጅማ ዞን ጮጬ ላይ በሺዎች የሚቆጠሩ የቡና ናሙናዎችን በመስክ ተክሎ የሚጠብቀው ለዚህ ነው። የመስክ ማቆያው የማይተካ አገልግሎት አለው። ሆኖም በአንድ ሥፍራ የተሰበሰበ ተክል ለድርቅ፣ ለእሳትና ለበሽታ በአንድ ጊዜ ሊጋለጥ ይችላል፤ ከአየር ንብረቱ ጋር እየተላመደ አዲስ ልዩነት የሚፈጥረውም በዱር ያለው ብቻ ነው።

የሕግ ጥበቃውና የሚደርስበት ወሰን

ኢትዮጵያ ለዚህ ሀብት የሕግና የተቋም መሠረት ጥላለች። የዛሬው የብዝኃ ሕይወት ኢንስቲትዩት ሥራውን የጀመረው በ1968 ዓ.ም. የዕፅዋት ጄኔቲክ ሀብት ማዕከል ሆኖ ነው። የጄኔቲክ ሀብትና የማኅበረሰብ እውቀት አርክቦትን እንዲሁም የማኅበረሰብ መብቶችን የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 482/1998 የጄኔቲክ ሀብት ባለቤትነት የመንግሥትና የኢትዮጵያ ሕዝብ መሆኑን ይደነግጋል፤ ያለ ኢንስቲትዩቱ ፈቃድ መሰብሰብንና ከአገር ማውጣትንም ይከለክላል። መንግሥት ከጄኔቲክ ሀብቱ በገንዘብ ከሚያገኘው የጥቅም ድርሻ 50 በመቶው ለአካባቢው ማኅበረሰብ እንዲደርስም መብት ሰጥቷል። የደን ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 1065/2010 ደግሞ ለማኅበረሰብ ደንና ለአሳታፊ የደን አስተዳደር ሕጋዊ ዕውቅና ይሰጣል።

በዓለም አቀፍ ደረጃ የካፋና የያዩ የቡና ደኖች እ.ኤ.አ. በ2010፣ የሸካ ደን እ.ኤ.አ. በ2012 በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራነት ተመዝግበዋል። የሐረና ደንን የሚያቅፈው የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክም እ.ኤ.አ. በ2023 በዓለም ቅርስነት ሠፍሯል። በባዮስፌር ሥርዓት አንድ ሥፍራ በሦስት ይከፈላል፤ ማዕከላዊው ክልል ከሰው እንቅስቃሴ ይጠበቃል፣ በዙሪያው ያለው በተወሰነ ደረጃ ያገለግላል፣ በውጭኛው ደግሞ እርሻና መኖሪያ ይፈቀዳል። የዱር ቡና ዕጣ የሚወሰነው በእነዚህ ክልሎች መካከል ያለው ወሰን በወረቀት ላይ እንዳለው ሁሉ በመሬት ላይም በመከበሩ ነው።

በቅርብ ዓመታት የገበያው ሁኔታም ተለውጧል። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2023 ያወጣው ደንብ፣ እ.ኤ.አ. ከታኅሣሥ 31 ቀን 2020 በኋላ ደን ተመንጥሮ ከለማ መሬት የተገኘ ቡና ወደ ኅብረቱ ገበያ እንዳይገባ ይከለክላል። የእያንዳንዱ ማሳ መገኛም በካርታ ነጥብ እንዲታወቅ ይጠይቃል፤ ከ4 ሄክታር በላይ የሆነ ማሳ ደግሞ ዙሪያ ድንበሩ መቅረብ አለበት። ደንቡ ተግባራዊ የሚሆንበት ቀን ከአንድ ጊዜ በላይ ተራዝሟል። ይህ አሠራር ለጫካ ቡና ሁለት ገጽታ አለው። በአንድ በኩል ደኑን ጠብቆ ለኖረ አርሶ አደር ቡናው ተፈላጊ የሚሆንበትን ዕድል ይከፍታል። በሌላ በኩል ማሳው ያልተመዘገበ አነስተኛ አርሶ አደር፣ ደን ባያጠፋም እንኳ፣ ማስረጃ ባለማቅረቡ ብቻ ከገበያ ሊገለል ይችላል። ከጫካ ቡናው ገቢ ያጣ አርሶ አደር ደግሞ ጫካውን ለሌላ ሰብል ለመመንጠር ይገደዳል። ስለዚህ የማሳ ምዝገባው ለንግድ ብቻ ሳይሆን ለደኑም ህልውና የሚጠቅም ሥራ ነው።

ከባለጉዳዮች የሚጠበቅ

የዱር ቡና ጉዳይ ከጫካው ርቆ ለሚኖረው የከተማ ነዋሪ እንግዳ መስሎ ሊታይ ይችላል። ሆኖም ዜጎች ለልዩ ልዩ አገልግሎት ወደ መንግሥት ተቋማት ሲቀርቡ ከዚህ ሀብት ጋር የሚገናኙባቸው አጋጣሚዎች ጥቂት አይደሉም።

ለምርምር፣ ለትምህርት ወይም ለንግድ ዓላማ የቡና ዘር፣ ችግኝ፣ ቅጠል ወይም ቅርንጫፍ ከደን ለመሰብሰብ የሚፈልግ ማንኛውም ሰው አስቀድሞ ከኢትዮጵያ ብዝኃ ሕይወት ኢንስቲትዩት ፈቃድ ማግኘት ይኖርበታል። አመልካቹ የውጭ ዜጋ ከሆነ ከአገሩ ሥልጣን ያለው አካል የድጋፍ ደብዳቤ ማቅረብ ይጠበቅበታል። በአንጻሩ የአካባቢው ማኅበረሰብ አባላት በልማዳቸው መሠረት ዘር ቢለዋወጡና ቢጠቀሙ ፈቃድ አይጠየቁም፤ አዋጁ ይህንን መብታቸውን ጠብቆላቸዋል።

በውጭ አገር ለሚኖር ዘመድ ቡና የሚልኩ ወይም ይዘው የሚጓዙ ዜጎች የተቆላ ቡናንና ለዘር የሚሆን ቡናን መለየት ይገባቸዋል። የተቆላ ቡና ሕይወት ስለሌለው አይበቅልም። ገለፈቱ ያልወጣለት የዘር ፍሬና ችግኝ ግን የጄኔቲክ ሀብት ነው። ያለ ፈቃድ ሲወጣ የተገኘ ዘር በእስራትና በገንዘብ የሚያስቀጣ ሲሆን፣ የጉምሩክ፣ የኳራንቲንና የፖስታ አገልግሎት ተቋማትም የመቆጣጠር ግዴታ አለባቸው። ቡናን በንግድ መልክ ወደ ውጭ ለመላክ የሚያስፈልጉ መስፈርቶችን በተመለከተ መረጃ የሚሰጠው የኢትዮጵያ ቡናና ሻይ ባለሥልጣን ነው።

በቡና አብቃይ አካባቢዎች መሬት ያላቸው ወይም በዚያ ለማልማት የሚያስቡ ዜጎች፣ ችግኝ ከመትከላቸው በፊት የወረዳውን የግብርና ጽሕፈት ቤት ማማከር ይገባቸዋል። የሚጠየቀውም ሁለት ነገር ነው፤ የችግኙ ዝርያ ለአካባቢው የተመከረ መሆኑ፣ የሚተከልበትም ሥፍራ ከተፈጥሮ ደን ወሰን ውጭ መሆኑ። በአሳታፊ የደን አስተዳደር ማኅበራት የታቀፉ አርሶ አደሮች በበኩላቸው የጥላ ዛፍ ቡቃያዎችን በየማሳው ጥቂት ጥቂት አስቀርተው ቢመነጥሩ፣ ዛሬ የሚያጡት ምርት ትንሽ ሆኖ ለልጆቻቸው የሚያቆዩት ደን ግን ሙሉ ይሆናል።

የደን ምንጣሮ፣ ሕገ ወጥ የዘር ዝውውር ወይም የጥብቅ ሥፍራ ወሰን መጣስ ያየ ሰው ለአቅራቢያው ቀበሌ ወይም ወረዳ አስተዳደር ማሳወቅ ይችላል። በዱር ቡና ላይ የሚደርሰው ጉዳት በአብዛኛው በአንድ ቀን የሚታይ ባለመሆኑ፣ ወቅቱን የጠበቀ ጥቆማ ከዘገየ ዘመቻ ይበልጣል።

በንጎዬ ደን የነበረው ሳይካድ አንድ ብቻ ቀርቶ ሲገኝ፣ የሚደረግለት ነገር ሁሉ የዘገየ ነበር። የኢትዮጵያ የዱር ቡና ግን ዛሬም በካፋ፣ በያዩ፣ በሸካና በሐረና ደኖች በራሱ እየበቀለ ነው። በልደታ መንገድ ዳር የሚቀዳው የቡና ሲኒ ነገም እንዲቀዳ፣ ቀጣዩ በሽታ ሲመጣ የሚቋቋመው ዛፍ በእነዚያ ደኖች ውስጥ ቆሞ መገኘት ይኖርበታል። ያ ዛፍ የትኛው እንደሆነ አስቀድሞ ማወቅ አይቻልም፤ ሁሉንም መጠበቅ የሚያስፈልገውም ስለዚህ ነው።